ከኮርኒሱ በላይ ያሉት

መጋቢት 3

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ዓይንሽና ጣትሽ እንዴት ናቸው? ለልብስ ሰፊ ከእነዚህ የሚበልጥ ሀብት የለምና ፈጣሪ ሁለቱንም ይጠብቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው አሳንሰር መጠገን ነው። ቀኑን ሙሉ ስወጣና ስወርድ ውዬ፣ ሲመሽ የምገኘው ያው ከተነሣሁበት ምድር ቤት ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ትልቅ ጉዳይ ይዤ ነው። ጠቅልዬ ልመጣ ነው።

ከአንቺ ቤት ጀርባ ያለው የአባዬ የእንጨት ሥራ ቤት፣ እሱ ካረፈ ወዲህ እንዲሁ ነው የቆመው። የሱ አሮጌ የሥራ ጠረጴዛና ያንቺ ጥቅል ጨርቅ ነው ያለበት። እሱን መኖሪያ ማድረግ እፈልጋለሁ። አንድ መኝታ፣ ትንሽ ማብሰያ፣ መታጠቢያ፤ ከዚያ በላይ ምን ያደርግልኛል? መጀመሪያ ግን ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ኮርኒሱም አባዬ በወጣትነቱ የመታው ነው። ጎበዝ ቆርቆሮ መቺ ፈልጊና ሁለቱንም አስነሺልኝ። ክረምት ሳይገባ አዲሱ እንዲመታ እፈልጋለሁ። ለሥራው የሚሆነውን ልኬያለሁ።

ምነው በድንገት? ትዪኝ ይሆናል። ዕድሜ ነው በይው። ለሌሎቹ ዘመዶች ግን ለጊዜው አትንገሪ። የኛን ቤተሰብ ታውቂዋለሽ፤ በአንዱ ጆሮ የገባ ነገር በሁሉም አፍ ነው የሚወጣው።

የአጎትሽ ልጅ፣ ወንድምሽ


ሚያዝያ 8

ለወንድሜ፣ ለአጎቴ ልጅ፣

ሰላምና ጤና ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። ለባለቤትህና ለልጅህም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። በደብዳቤህ የእነሱን ሰላምታ ሳጣው፣ ቸኩሎ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። እኛ ደህና ነን። ልጄም በሌላ ከተማ ከባሏ ጋር ደህና ናት።

መምጣትህን ሳነብ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ቤቱ ቤትህ ነው። በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ ሸምግሎ ሲመለስ ማየት ለኔ ምርቃት ነው።

ቆርቆሮ መቺው ሥራ በዝቶበት ዘግይቶ መጣ። ጥሩ ባለሙያ ነው ይሉታል፣ ምላሱ ግን ከመዶሻው ይፈጥናል። መሰላሉን አቁሞ፣ ከኮርኒሱ አንዱን ጣውላ ፈልቀቅ ሲያደርገው ጸጥ አለ። እሱ ጸጥ ሲል ነገር እንዳለ ገባኝ። ከዚያ ዘወር ብሎ ሳያየኝ፣ «እትዬ፣ ተከራይ እንዳለ ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ።

የሌሊት ወፎች ናቸው።

እንደምታውቀው እኔ መሰላል አልወጣም። ያን ቀን ግን ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ እሱ ከታች ይዞልኝ ወጣሁ። በእጅ ባትሪ ሳበራ፣ መጀመሪያ ነፋስ ያስገባው የደረቀ ቅጠል ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ቅጠሉ አዛጋ።

አንዷ ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም። ፀጉራቸው ቡናማ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ወርቅ ይመስላል። ክንፋቸው ሲታጠፍ ለቀሚስ ገበር የማደርገውን ስስ ጨርቅ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ብርሃን ያሳልፋል። ጎን ለጎን ተለጣጥፈው፣ መሀል የገባችው እንዳትወጣ፣ ዳር የቀረችው እንድትገባ ይገፋፋሉ። አንዷ ደረት ላይ ደግሞ ፀጉር ያላበቀለች፣ ዓይኗ ያልተገለጠ፣ ባቄላ የምታህል ልጅ ተጣብቃ ስትጠባ አየሁ።

የሌሊት ወፍ እንደምታጠባ አላውቅም ነበር። አንተ ታውቅ ነበር? እናቴ የምትነግረን ተረት ትዝ ይልሃል? ወፎች ግብር አምጪ ሲሏት «አይጥ ነኝ»፣ አይጦች አምጪ ሲሏት «ወፍ ነኝ» እያለች ሁለቱንም እንዳታለለች። ጡት እንዳላት ግን ተረቱ አልነገረንም።

ቆርቆሮ መቺው ጭስ እንልቀቅባቸውና በአንድ ቀን ይለቁልናል አለ። እመጫት እኮ ናቸው አልኩት። አናቱን አከክ አከክ አድርጎ፣ እሱስ ልክ ነዎት ብሎ ጣውላውን ወደ ቦታው መለሰው።

እና ወንድሜ፣ ልጆቹ ክንፍ እስኪያወጡ ብንታገሥ ምን ይመስልሃል? እስከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ይህን የሚያውቅ ሰው አፈላልጋለሁ።

እህትህ


ሚያዝያ 29

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እኔ የምመጣበትን ቤት ጣሪያ አሠሪልኝ አልኩ፣ አንቺ ስለሌሊት ወፍ ጡት ትጽፊልኛለሽ። ክረምቱ ከገባ ማንም ጣሪያ አይከፍትም። ክረምቱ ካለፈ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ሰበብ ከተፈለገ የሌሊት ወፍም ሰበብ ይሆናል።

ቤቱን ለሌላ ነገር አስበሽው ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ። ከሥጋ ዘመድ የሚደበቅ ነገር አልወድም።

ከሰላምታ ጋር፣
ወንድምሽ

ለመሆኑ በየት ነው የሚገቡት? አባዬ ያንን ጣሪያ ሲመታ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አልተውኩም ይል ነበር።


ግንቦት 19

ለወንድሜ፣

ጤናህን ያብዛልህ፣ ልብህንም ያረጋጋልህ።

ለዚህ ደብዳቤ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቁጣ ነበሩ፣ ቀደድኳቸው። ቤቱን ለምንም ነገር አላሰብኩትም። ብፈልገው ኖሮ አጎቴ በሕይወት ሳለ ውሰጂው ሲለኝ እወስደው ነበር። ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ አልልም።

ጥያቄህን ልመልስ። የሚገቡት በምሥራቅ በኩል፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚጋጠሙበት ነው። እዚያ አንዱ ጣውላ በዕድሜ ብዛት ጎብጦ፣ ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ትቷል። አጎቴ አልዋሸም፣ እንጨቱ ነው ቃሉን ያጠፈው።

ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መጥታልናለች። ዕድሜዋ ከልጄ ብዙም አይርቅም። ስትመጣ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ነበር፤ ከግቢያችን ጀርባ ያለውን ቦይና የዛፎቹን ረድፍ ዞራ ሳታይ ወደ ቤት አልገባም ብላ። እኔ የመጣችው ጣሪያውን ልታይ መስሎኝ ነበር። ግማሹ ቤታቸው ጣሪያው ነው፣ ግማሹ ቦዩ ነው አለችኝ። ትንኙና የእሳት እራቱ ከዚያ ነው የሚነሣው፣ እነሱም ዛፉን ዛፉን ታከው ነው የሚያድኑት። ዛፉ ቢቆረጥ ጣሪያው ብቻውን አያኖራቸውም።

ዝርያዋ ብርቅ ናት። ሳይንሳዊ ስሟን መዳፌ ላይ ጽፌው ነበር፣ እጄን ስታጠብ ሄደ። እኛ ድንክዬ ብለናታል። በዚህ አካባቢ ተገኝታ የነበረው በአንድ የድሮ ወፍጮ ቤትና በአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ውስጥ ነበር። ሁለቱም ታደሱ፣ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። በዓመት የምትወልደው አንድ ልጅ ነው። ስለዚህ አንድ ጣሪያ ሲጠፋ ቶሎ የሚተካ ነገር የለም። እኛ ጋ ያሉት እናቶች ብቻ ናቸው፤ ለመውለድ ተሰባስበው ይመጣሉ፣ ልጆቹ ሲበሩ ይሄዳሉ።

ወዴት ነው የሚሄዱት? ብዬ ጠየቅኋት።

«እሱን ብናውቅማ» አለችኝ። እንዲህ ቁልጭ አድርጎ አላውቅም የሚል ምሁር ደስ ይለኛል።

ድምፃቸውን ለሰው ጆሮ እንዲሰማ አድርጎ የሚያወርድ መሣሪያ ይዛ ነበር። ጀንበር ስትጠልቅ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን አዳመጥን። ልንገርህ፣ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ነው! ሲወጡ ቀስ ብሎ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ትንኝ አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ ረጅም ስፌት እንደሚለቅ ሰው ይፈጥናል፣ ይፈጥናልና ቀጥ ይላል። በላች ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በራሴ ላይ ሲሰፋ ኖሮ እኔ ሳልሰማው።

ግንቦት 27

ደብዳቤውን ሳልዘጋው ይህ ሆነ።

የተማሪዎቹን ዩኒፎርም አስረክቤ ስመለስ ጀንበር ልትገባ ነበር። እንደለመድኩት ወንበሬን አውጥቼ ተቀመጥኩ። አንድም አልወጣም። ጨለም ማለት ሲጀምር ከላይ ካርቶን የሚቧጥጥ ጥፍር የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብል ስንጥቁ በጆንያ ተጠቅጥቆ በላዩ ሲሚንቶ ተለስኖበታል።

ሰው አልጠራሁም። መሰላሉን ራሴ አቆምኩት፤ ማን እንደያዘልኝ ዛሬም አላውቅም፣ ማንም አልነበረም። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ስለነበር ተፈረፈረ። ጆንያውን በትልቁ መቀስ እየቆረጥኩ ሳብኩት። ሲከፈት በጉንጬ አጠገብ እንደ ውኃ ፈሰሱ። አንዷም አልነካችኝም። ነፋሳቸው ብቻ ነው የነካኝ።

ጠዋት ተመራማሪዋ መጥታ በጓንት የሞቱትን ለቀመች። በሙቀትና በመታፈን ነው አለች። እናቶችም አሉበት፣ ልጆች ግን ይበዛሉ።

ያደረገው ጎረቤታችን ጋሽ ጡሩምባ ነው። ስሙን ታውቀዋለህ፣ ሰፈሩ ውስጥ ሳይነፋው የሚያልፍ ወሬ የለም። ራሱ መጥቶ ነገረኝ፤ አልሸሸም። ነገር ግን «የቤቱ ባለቤት ደውሎ፣ እትዬ ልቧ አልችል ብሏልና ዝጋልኝ ብሎኝ ነው» አለኝ።

ካንተ አፍ እስክሰማው ድረስ አላምንም። ጻፍልኝ።

እህትህ


ሐምሌ 24

ለእትዬ፣

ፈጣሪ ቁጣሽን ያብርድልሽ ብዬ እንዳልመርቅሽ፣ ቁጣሽ እውነት ነው። ስለዚህ ጤና ብቻ ልመኝልሽ።

ጋሽ ጡሩምባ እውነቱን ነው። ደውዬ ዝጋው ያልኩት እኔ ነኝ። ባዶ ሲሆን፣ ወይም ውስጥ ማን እንዳለ አይተህ አላልኩትም። አልጠየቀኝም፣ አልነገርኩትም። በእሱ አትፍረጂ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አንሥቼ አስቀምጫለሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል በደብዳቤ ሲላክ ይቀላል። እዚያ ሆኜ መሰላሉን ብይዝልሽ ኖሮ ይሻል ነበር። ቤቱን እንደዚያ ያጣደፍኩበት ምክንያት አለኝ፣ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አሁን ግን የሆነውን ልንገርሽ። እዚህ የተፈጥሮ ሙዚየም አለ፤ አሳንሰሩን የምንጠግነው እኛ ነን። ባለፈው ተበላሽቶ ተጠራሁ። ሥራዬን ጨርሼ ዕቃዬን ስሰበስብ፣ አንዲት በዕድሜ የገፋች ባለሙያ ረጅም መሳቢያ ይዛ ልትገባ መጣች። መሳቢያው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅኋት። እንደ ጓንት የታጠፉ ትንንሽ የሌሊት ወፎች ናቸው፣ ከድሮ ጀምሮ የተሰበሰቡ። እኔም ሳላስበው የኛን ጣሪያ ነገር ዘረገፍኩላት። ያደረግኩትንም አልደበቅኋትም። ፊቷ ጠቆር አለ፤ ቆይታ ግን፣ «የተረፉ አሉ?» አለችኝ። አሉ አልኳት። «ይመለሳሉ። ቦታቸውን አይረሱም። ጥያቄው ሲመለሱ ምን ያገኛሉ የሚለው ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። አሳንሰሩ ግን ደህና ነው።

እንዲህ እናድርግ። አሳንሰር ከጣሪያው በላይ ተሳፋሪ የማያየው ቦታ አለው። ሰው ከታች ይቆማል፣ የኛ ሥራ ከላይ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይነካም። የአባዬንም ቤት እንደዚያ እንሥራው። አዲሱ ኮርኒስ ዝቅ ብሎ ይመታ፣ ከቆርቆሮው ሥር የነሱ ክፍል ይቅር። በመሀል ምንም የማያሳልፍ ይሁን፤ ኩሳቸው ወደኔ እንዳይወርድ፣ የኔም ጭስ ወደነሱ እንዳይወጣ። ለማጽጃ በጎን በኩል ትንሽ መዝጊያ ይኑረው። ጣውላው ያልተላገ፣ ቀለም ያልተቀባ ይሁን፣ ጥፍራቸው እንዲይዝ። በሩ ያው የምሥራቁ ስንጥቅ ነው፣ እሱን ማንም እንዳይነካው። ሥራው ደግሞ የሚጀመረው የመጨረሻዋ ከሄደች በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት መዶሻ አይነሣ።

ሥዕሉን አያይዤዋለሁ። ለተመራማሪዋ አሳዪልኝ። ያላወቅሁት ካለ ታርመኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂልኝ፤ እናቲቱ አድና ስትመለስ በዚያ ሁሉ ልጅ መሀል የራሷን በምን ትለያለች?

ወንድምሽ


ነሐሴ 18

ለወንድሜ፣

እንደምን አለህ? ዝናቡ እዚህ ቀንም አይል ማታ፣ ይወርደዋል። ላንተም ካለህበት በረከቱ ይድረስህ።

የጻፍከው ደርሶኛል። አጎቴ፣ የተሰነጠቀ እንጨት በሙጫ ይያያዛል፣ መስመሩ ግን ይታያል ይል ነበር። እኛም መስመሩ እየታየ እንቀጥል።

እናቲቱ ልጇን የምትለየው በድምፅና በማሽተት ነው። ልጅ ሁሉ የየራሱ ጩኸት አለው፤ እናት ትጣራለች፣ የሷው ይመልስላታል፣ ደርሳ አሽትታ ታረጋግጣለች። የሌላዋን ልጅ ማጥባት ግን እሺ አትልም አለች ተመራማሪዋ። ሥዕልህን አይታ ደግሞ ይህ ሰው መሐንዲስ ነው ወይ አለችኝ። አሳንሰር ጠጋኝ ነው ስላት ሳቀች፤ የፌዝ አልነበረም። አንድ ነገር አርማለች፦ ክፍላቸው እንዲሞቅ ቆርቆሮው በቀጥታ ከላያቸው ይሁን፣ ከሥሩ ምንም አይነጠፍ። ልጅ ማሳደግ ሙቀት ይፈልጋል።

የተረፉት ልጆች መብረር የጀመሩት ያንተን መልስ ስጠብቅ ነው። የመጀመሪያ ቀን መብረር አይባልም፣ መውደቅን ማዘግየት ነው። አንዷ በመስኮት ገብታ እየሰፋሁት የነበረ ኮት ኮሌታ ላይ ተለጠፈች። ተመራማሪዋ ባዶ እጅ አይነካም ስላለችኝ፣ ኮቱን እንዳለ ወስጄ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ትንሽ ደረቷ እየተርገበገበ ቆየችና ወደ ስንጥቁ ወጣች። ባለ ኮቱ ሲመጣ ምንም አልነገርኩትም።

ጋሽ ጡሩምባ ደጁ ላይ ያንን ዓይን የሚያጠፋ መብራት ነበረው፣ ታስታውሰዋለህ? ድንክዬዎቹ ብርሃን ባለበት በኩል አያልፉም፣ ዞረው ነው የሚሄዱት። ይህን ተመራማሪዋ ለኔ ስትነግረኝ በአጥሩ በኩል ሰምቶ ኖሯል። በማግሥቱ መብራቱ አሮጌ ድስት ደፍቶ ወደ መሬት ብቻ ሲያበራ አየሁት። እኔም አላነሣሁበትም፣ እሱም አልነፋውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነፋው ያለፈው ነገር ይህ ነው።

ቦዩንም የሰፈሩ ሰዎች መድኃኒት እንዳይረጩበት ተነጋግረናል። ዛፎቹን ለመቁረጥ ያሰበም ነበር፣ ለጊዜው ትቶታል። ለጊዜው ነው ያልኩህ፣ ሰው ነውና።

ሌላ ወሬ፣ ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ለማንም አልነገርንም፣ አንተም ያዘው።

እንግዲህ ቆርቆሮ መቺው የቤት ዕቃም ይሠራል፤ አልጋውንም አብሬ ልሥራው ብሎኛል። የአንድ ሰው ነው የሁለት? ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን ልበለው? ጠይቄ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 5

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለልጅሽ ማርያም ትቅረባት።

አልጋው የአንድ ሰው ይሁን።

ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ቆይቷል። ያኔ ደብዳቤ ስጽፍልሽ እኔ ቤቱን ለቅቄ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በተከራየነው ክፍል ነበርኩ። ጥል የለም፣ ጩኸትም የለም። ዕቃ እንደምናካፍል ሁሉ በጸጥታ ነው የጨረስነው። ልጃችን ከእናቷ ጋር ናት። ስደውልላት በአንድ ቃል ትመልስልኛለች። ደህና ነሽ? ደህና። ትምህርትስ? ጥሩ። ከዚያ ስልኩን ቀድሞ መዝጋት ሁለታችንም እንፈራለን።

ያንን ጣሪያ እንደዚያ ያጣደፍኩት ለዚህ ነው። የኔ የምለው ጣሪያ ስላልነበረኝ፣ የሌላውን ጣሪያ ማፍረሴ አልታየኝም።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሰላምታ ስትልኪላቸው ማድረስ የምችል መስዬ አለፍኩት። አንቺ አውቀሽ ነው መሰለኝ ያልጠየቅሽኝ።

አዲሱ ቆርቆሮ ሲመታ ስንጥቁ ከትንሿ ጣት ውፍረት እንዳይበልጥ ለቆርቆሮ መቺው ንገሪው። ከሰፋ ድመትም ጉጉትም ይገባል።

ወንድምሽ


ኅዳር 28

ለወንድሜ፣

እንደምን ነህ? እኛ ደህና ነን።

አውቄ ነው። ሰው ሲፈልግ ይናገራል ብዬ ነው።

አልጋው የአንድ ሰው ነው፣ አልቋል። ከሥሩ የሚሳብ ሌላ ትንሽ አልጋ አሠርቼበታለሁ፣ ሳታዘኝ። ልጅ ናት፤ አንድ ቀን አባቴ የት ነው የሚኖረው ብላ ልታይ ትመጣለች። ብትቆይም አልጋው እንጀራ አይበላብን።

ድንክዬዎቹ ሄደዋል። አንድ ማታ ጥቂት ወጡ፣ በማግሥቱ አንዷ ብቻዋን ወጣች፣ ከዚያ ጸጥ። ቆርቆሮ መቺው ግን እስክታረጋግጡልኝ ድረስ መዶሻ አላነሣም ብሎ፣ ተመራማሪዋ መስታወት በረጅም እንጨት አስገብታ አይታ ነው ሥራ የተጀመረው። እሱ ራሱ ካሁን በፊት በስንት ጣሪያ ላይ ጭስ ለቅቄ ይሆን እያለ ሲብሰለሰል ነበር። ሥራው አምሯል። ከታች ሆነህ ብታየው ከላይ ሌላ ቤት አለ አትልም።

ባዶ ነው፣ ወንድሜ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ወንበር ይዤ እወጣና ምን ልታዘብ እንደመጣሁ ጠፍቶኝ እመለሳለሁ። የት ነው ያሉት? በየትኛው ጉድጓድ፣ በየትኛው ዛፍ ቅርፊት ሥር? ይህን የሚያህል አገር ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ነገር እንዴት ይገኛል?

ና። ቤቱ ደርሷል።

እህትህ


ሚያዝያ 30

ለእትዬ፣ ለአዲሷ አያት፣

እንኳን ማርያም ልጅሽን በሰላም ፈታቻት! ሕፃኑ ይደግልሽ፣ ስም አውጪም አስጠሪም ያድርገው። እዚህ ግቢያችን ስላለነው አታስቢ። የስፌት ቤትሽን መስኮት በየጠዋቱ እከፍተዋለሁ። ደንበኞችሽ እሷ መቼ ትመጣለች እያሉ በኔ ላይ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ አንዷማ ቁልፍ ትከልልኝ ብላኝ ተክዬላት፣ አየችውና አመስግና ነቅላ ወሰደችው።

እኔ መጥቼ አንቺ ወደ ልጅሽ ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ጋሽ ጡሩምባ በየማታው ወንበሩን በአጥሩ በኩል አሻግሮ ከኔ ጋር ይቀመጣል። ብዙ አናወራም። አንድ ማታ ግን፣ «እኔ እኮ የልጅ ልጄ ሲያስለው ከነሱ ኩስ ነው ብዬ ነው። ያንተ ስልክ ሲመጣልኝ ደስ ነው ያለኝ» አለኝ። እኔም ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር አልኩት። ከዚያ በኋላ ዝምታው ቀለለን።

አንድ ቀን ሲመሽ መጡ። ጥቂት ናቸው። ስንጥቁ ጋ ደርሰው ይዞራሉ፣ ይጠጋሉ፣ ይመለሳሉ። በሩን አውቀውታል፣ አይገቡም። እንደዚያ ሲያደርጉ ቀናት አለፉ። እኔ ሥዕሌን አውጥቼ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት እያልኩ ስለካ ከረምኩ። ተመራማሪዋን ብንጠራት፣ ልኬቱ ጥሩ ነው፣ ምናልባት ሽታው አዲስ ሆኖባቸው ይሆናል አለች። አዲስ ቆርቆሮ፣ አዲስ ጣውላ። የድሮው ጣውላ ቢገኝ ጥሩ ነበር አለች።

ጋሽ ጡሩምባ ተነሥቶ ሄደ። ቆርቆሮ መቺው አሮጌውን የአባዬን ኮርኒስ ለሱ ሰጥቶት ኖሯል፤ የዶሮ ቤት ሠርቶበታል። ትንሽ ቆይቶ መዶሻ ሰማን። ከዚያ ዶሮዎቹ ግቢያችንን ሞሉት። ጣውላዎቹን ተሸክሞ መጥቶ፣ «ውሰዱት፣ ዶሮዎቹ ከኔ ጋር ያድራሉ» አለ። በጎኑ መዝጊያ አስገብተን፣ ያልታጠበውን ፊት ወደ ውስጥ አድርገን አሰርነው።

በሁለተኛው ምሽት አንዷ ገባች። ወጣች። ተመልሳ ገባችና ቀረች። ከዚያ ሌሎቹ ተከታተሉ። ጋሽ ጡሩምባ ክንዴን ይዞኝ ነበር፤ እንደያዘኝ ያወቅሁት ሲለቀኝ ነው።

አሁን ተመራማሪዋ ለሁለታችንም መቁጠሪያ ሰጥታናለች። ሲወጡ እንቆጥራለን፣ ቁጥራችን ግን ገጥሞ አያውቅም። እሱ ሁልጊዜ ከኔ ያበዛል። ሲጨቃጨቅ ሰፈሩ ይሰማል። እሷ ግን ሁለቱንም ትመዘግባለች። ካምናው ያንሳሉ፤ በሱ ቆጠራም ቢሆን ያንሳሉ። ያጠፋሁት እንዲህ በአንድ ዓመት እንደማይመለስ ነግራኛለች፣ አውቄ ነው የምቆጥረው።

ትናንት ልጄ ጋ ደውዬ ነበር። ደህና ነሽ? ደህና። ትምህርትስ? ጥሩ። ምን እንደምል ጠፋኝና ስልኩን ከኮርኒሱ ጋር አስጠጋሁት። ያ መቧጠጥና ጭርጭርታ ይሰማ ነበር። የዘጋች መሰለኝ።

«ምንድን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ከዚያ ጥያቄውን ታወርደው ጀመር። ለምን ተዘቅዝቀው ይተኛሉ? ደም ወደ ጭንቅላታቸው አይወርድም? ልጃቸው ቢወድቅ ምን ያደርጋሉ? ግማሹን አላወቅሁላትም። አላውቅም ስላት አልተቀየመችኝም፤ እንዲያውም ጠይቀህ ንገረኝ አለችኝ። ማክሰኞ ልደውልላት ተቀጣጥረናል።

እስከ ማክሰኞ የምጠይቀው ብዙ አለኝ፤ ዛሬ ደግሞ ከላይ አዲስ ድምፅ መጥቷል። ቀጭን ነው፣ ሲጣራም ሲመለስለትም ይሰማኛል። ተመራማሪዋን በስልክ አሰማኋት፣ ሰምታ ሳትጨርስ ገባት።

ስለዚህ እትዬ፣ እዚያ ያለችውን አራስሽን በደንብ አሳርፈሽ ነይ፤ አትቸኩይ። ስትመጪ ግን የግቢውን በር ቀስ ብለሽ ክፈቺው። እዚህም አራሶች አሉን።

ወንድምሽ